የቅል ፊትና የአስተርጓሚው ባርኔጣ

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

የጣሊያኑ መቶ አለቃ፣ ቴኔንቴው፣ ዛሬ ሁለት ደብተር ሰጠኝና የአገሬውን ልማድ እየመዘገብሁ እንዳቀርብለት አዘዘኝ። አንዱ ለእሱ ነው። ሁለተኛውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው አፍ ሆኖ የሚውል ሰው ማታ የራሱን አፍ የሚያላቅቅበት ነገር ያስፈልገዋል።

በእሱ ደብተር መጀመሪያ የጻፍሁት ስለ ቅል ለባሾች ነው። በገና ዕለት ሩሩ ተመትቶ ጨዋታው ሲያበቃ የቀወት ሰዎች ከቅል የተቀረጸ ፊት አጥልቀው፣ የፍየል ፀጉር ጢም ለጥፈው፣ የማሽላ አገዳ እንደ ሰይፍ ታጥቀው ሜዳ ይወጣሉ። አንዱ ዳኛ፣ አንዱ ሹም፣ አንዱ ሙሽራ ይሆናል። ያገሩን ትልልቅ ሰው ሁሉ በግጥም ይሸነቁጣሉ። ቅል የለበሰ ሰው ስም የለውም። ሚስቱ እንኳ ብታውቀው አትጠራውም። በስሙ የጠራው ሰው ለከርሞ ራሱ ቅል ለብሶ አደባባይ ይወጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሮቢ ወንዝ ወርደው ቅላቸውን ይሰብራሉ፤ ያን ጊዜ ማንም ቆሞ አያይም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና የተሰደበው ሹም እየሳቀ ጠላ ያጠጣል።

ለቴኔንቴው ያልጻፍሁለት ነገር አለ። ስድስት ዓመት የቅል ለባሾች አለቃ የነበረው ታደሰ ነው፤ የሚስቴ የየሺ ወንድም። ታደሰ አሁን ጠመንጃውን ይዞ ከአርበኞቹ ጋር ገደሉ ላይ ነው።

ኅዳር ፲፭

የእኛ ጾም ዛሬ ገባ። የጎረቤቴ የአብዱልሃዲ ደግሞ ገና መፈታቱ ነው። በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «አቶ አስፋው፣ ረሃቡን አስረክቤዎታለሁ፤ በደህና ይያዙት» አለኝ። በአራት በቅሎ ከአሊዩ አምባ ጨው እየጫነ ማጀቴ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ቀልዱም ጨው አያጣም።

«ጣሊያንኛው እንዴት ይዞዎታል?» አለኝ ቀጥሎ።

ደህና ነው አልሁት። የእኔ ጣሊያንኛ ደሴ ላይ፣ ከአንድ ጣሊያናዊ ቆዳ ነጋዴ ቤት፣ ስምንት ዓመት ቆዳ ስመዝን የለቀምሁት ነው። ቴኔንቴው ስለ ሥልጣኔ ሲያወራ ብዙ ቃል ይጎድለኛል። ትል ስለበላው፣ ጨው ስላነሰውና ስለተቀደደ ቆዳ ከሆነ ግን በዚህ አገር የሚስተካከለኝ የለም።

«አላህ አፍዎን ይጠብቅልዎ» አለና ሄደ። ምርቃት ይሁን ሌላ ነገር እስካሁን አልገባኝም።

ኅዳር ፳፬

መጥፎ ቀን። ባላምባራስ ይፍሩ ሄዶ ለቴኔንቴው ነገረው። ይህ ባላምባራስ ማዕረጉን ያገኘው ከቴኔንቴው ነው፤ እስከ አምና ድረስ የሰው ፍየል ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። «ታደሰ ገናን አይቀርም። እናቱን ለመቅበር ያልወረደ ሰው ቅል ለመልበስ ይወርዳል» አለው። ተርጓሚው እኔ ነበርሁ። የአማቼን ነገር በገዛ አፌ፣ ቃል ሳላዛንፍ፣ አቀበልሁ።

ቴኔንቴው ተደሰተ። ለካ ከበላዩ ያለው ሹም «ሕዝቡ በደስታ ሲጨፍር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ላክ» ብሎት ኖሯል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ቆቅ ሊመታ ነው፤ ጭፈራውንም ያነሣል፣ ታደሰንም ይይዛል።

«ቅል ለብሶ በምን ይለያል?» አልሁት።

«ዘመድህ ነው አሉ። በአረማመዱ ታውቀዋለህ። ስታውቀው ፊቱ ቁምና ባርኔጣህን አውልቅ። ወታደሮቼ ከዳር ሆነው ባርኔጣህን ነው የሚጠብቁት፤ ባርኔጣ የተወለቀለትን ሰው ይይዛሉ።»

ይህን ጥቁር ባርኔጣ የሰጠኝ እሱ ራሱ ነው። ሲሰጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በመስኮቱ መስተዋት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ታደሰ ቢያዝ የት እንደሚሰቀል አውቃለሁ፤ ከኬላው ፊት ለፊት ያለው ሾላ ላይ። ባለፈው ወር የተሰቀሉት የሁለቱ ሰዎች ገመድ እንኳ ገና አልተፈታም።

ለየሺ አልነገርኋትም። እንዴት ተብሎ ይነገራል? ይህን ደብተር ከአጎዛው ሥር አስቀምጠዋለሁ። የሺ ፊደል ስለማትለይ ስጋት የለብኝም።

ታኅሣሥ ፫

የሺ ዛሬም እትዬ ዘነበች ዘንድ ዋለች። እትዬ ዘነበች የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ አሁን ቅል እየቀረጹ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። የቅል ፊት ሁሉ የሚወጣው ከእሳቸው እጅ ነው። ዳዊቱን ከባላቸው ወርሰዋል። ሲገልጡት አይቻለሁ፤ ሴት ናቸውና አያነቡም ይባላል፤ ገጹን የሚያዞሩት ግን ሁልጊዜ በቦታው ነው።

«ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አልኋት።

«ቅል ስንፍቅ» አለች የሺ።

አራት ሳምንት ሙሉ ቅል ሲፋቅ! ይህን ያህል ቅል በይፋት ቆላ ሁሉ አይበቅልም።

ታኅሣሥ ፯

ወባዬ ተነሣብኝ። ተኝቼ ሳስብ ዋልሁ፤ የወባ ክፋቱ ማሳሰቡ ነው። ካቻምና ከአጣዬ ስመለስ እንዲህ ጥሎኝ ታደሰ ነበር በበቅሎው ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ያቺን ቀኝ እግሩን እየጎተተ በእግሩ እየሄደ፣ ወገቤን ደግፎ እዚህ ያደረሰኝ። መንገዱን ሁሉ ቀለደብኝ። «አንተን ከመሸከም ቆዳህን መሸከም ይቀል ነበር፣ ዋጋውንም ታውቀዋለህ» ይለኝ ነበር።

እኔ ምላስ ብቻ ነኝ። አዛዡ ሌላ፣ ገዳዩ ሌላ። ውሃ በአሸንዳ ቢወርድ አሸንዳው ምን አደረገ?

ይህን አሁን መልሼ አነበብሁትና አፈርሁ።

ታኅሣሥ ፰

በደብተሩ ገጾች መካከል የቅል ፍቅፋቂ አገኘሁ፤ ስለ ባርኔጣው የጻፍሁበት ገጽ ላይ። የዚህ አገር ነፋስ የማይገባበት የለም።

ታኅሣሥ ፲፩

ችኮላ ላይ ነኝ። አዲስ ነገር። ባላምባራሱም ቅል ሊለብስ ነው። ከጨፋሪዎቹ መካከል ገብቶ ሊሰልል። ሙሽራ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ሻሽና ነጠላ፣ በአንገቱ የሚስቱ ድሪ። የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። ወታደሮቹ አልተነገራቸውም፤ ወታደር ያወቀውን ጠጅ ቤት ያውቀዋል።

ባላምባራሱ ዛሬ ቢሮ ውስጥ ልክ እንደ ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ መራመድ ተለማመደ። ቴኔንቴው አጨበጨበለት። ባላምባራሱ ጢሙን ይላጨው እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅሉ ይሸፍነዋል አልሁት።

ታኅሣሥ ፲፬

እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ አስቆሙኝ። አገጬን በጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

«ልጄ፣ ዝም ስትል አፍህ የሚጣመመው ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ?»

«ኧረ አይጣመምም፣ እትዬ።»

«ወደ ግራ ነው» አሉ፤ ወደ ቤታቸው ገቡ።

እርጅና አእምሮን ይሰልባል፤ አሳዘኑኝ።

ታኅሣሥ ፲፰

ግራጫው ኮቴ ጠፋ። የደሴው ኮት፣ ሁለተኛው ቁልፍ የሌለው።

«ምስጥ በላው» አለች የሺ።

«ከነቁልፎቹ?»

«የዘንድሮ ምስጥ ክፉ ነው አሉ።»

አልተከራከርሁም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የጾም ወራት ስለሆነ ዶሮውን እንኳ የለም።

ታኅሣሥ ፳፪

ከየሺ ጋር ተጣላን፤ ተጣላን ማለት እኔ ተናገርሁ እሷ ማሽላ ለቀመች። ስለማንም ሳላነሣ «ሰው እንጀራ መብላት አለበት፤ እኔ ምላስ እንጂ እጅ አይደለሁም» አልኋት።

አንገቷን ቀና ሳታደርግ «ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል» አለች። ቆይታ ደግሞ «አሸንዳም ቢሆን ዝናቡን ሁሉ ወደ ሰው ቤት ከለቀቀው ይፈርሳል» አለችኝ።

ስለ አሸንዳ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጽፌ ነበር እንጂ።

ወጥቼ በቅሎዎቹን እያየሁ ብዙ ቆምሁ። የአብዱልሃዲ በቅሎዎች ናቸው፤ የእኔ በቅሎ የለኝም።

ታኅሣሥ ፳፯

ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍሁት። ታደሰን ባልጠቁም ቴኔንቴው እኔን ይሰቅለኛል፤ ብጠቁም በዚህ አገር ውሃ የሚሰጠኝ አላገኝም። ከሁሉ የሚከፋው የሺ ናት። ዝም ብላ ወጥ ታወጣልኛለች።

ለማንኛውም እንዳልረሳው የገናውን ዕለት ሥርዓት እዚህ ላስቀምጥ። ዓይኔ ስለደከመ ፊደሉን ተለቅ አድርጌ ነው የጻፍሁት።

ወታደሮቹ በሜዳው በስተምሥራቅ ይቆማሉ፣ ከሩቅ። ፊት አይለዩም፤ ባርኔጣ ነው የሚጠብቁት።

ባላምባራሱ ሙሽራ ነው፤ ቀይ ሻሽ።

የድልድዩና የጥይት መጋዘኑ ጠባቂዎች ሁሉ ወደ ሜዳው ይመጣሉ። መጋዘኑ ዘንድ የሚቀረው አንድ ወባ የያዘው ብቻ ነው።

ደብተሩን ከአጎዛው ሥር መልሻለሁ። ጫፉ ትንሽ ወጣ ብሏል። የሺ ፊደል አትለይም።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ገና፣ ጧት

ባርኔጣዬ የለም! ከተሰቀለበት የለም። የሺ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ያለ ባርኔጣ ልሂድ ወይስ ልታመም?

ጥሩምባው ተነፋ። ሄድሁ።

ጥር ፩

ሁለት ቀን ቆይቼ ነው የምጽፈው።

ቴኔንቴው ሾላው ሥር ወንበር አስወጥቶ፣ የፎቶግራፍ ማንሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከዚህ ሾላ የተሻለ ጥላ አላገኘም፤ ገመዱ ግን ለፎቶግራፉ ሲባል ተፈቷል። ባርኔጣ የሌለበትን ራሴን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ባርኔጣህስ?»

«ሌባ ወሰደው ጌታዬ።»

ሊጮኽብኝ አፉን ሲከፍት ቅል ለባሾቹ እየዘፈኑ ሜዳውን ሞሉት። ሃያ ይሆናሉ። ዳኛው፣ ሹሙ፣ አንገቱን የደፋው ባለ ቀይ ሻሽ ሙሽራ። ሹሙ ከኪሱ የፍየል በጠጥ እያወጣ እንደ ኪኒን ይውጥና አንገቱን ይይዛል።

«ባሕሩን አቋርጦ በጀግንነት መጣ፣
የሮቢት ትንኝ ፈርቶ ኪኒን እየጠጣ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ምን አሉ?» አለኝ ቴኔንቴው። «ባሕር አቋርጦ የመጣ ጀግና ነው አሉ» አልሁት። የቀረውን ዋጥሁት። ደስ ብሎት ፎቶግራፍ አነሣ።

ከዚያ ከኋላ እኔ መጣሁ።

ምን ብዬ ልጻፈው? ግራጫው ኮቴን የለበሰ፣ ሁለተኛው ቁልፍ የሌለው፤ ጥቁሩን ባርኔጣዬን የደፋ፤ በግራ በኩል አፉ የተጣመመ የቅል ፊት ያጠለቀ ሰው። እጁን እንደ እኔ ከኋላው አጣምሮ፣ እንደ እኔ አንገቱን ወደፊት አስግጎ፣ ለሹሙ ያጎነብሳል፣ ለበቅሎ ያጎነብሳል፣ ለሾላው ግንድ ያጎነብሳል። ሴቶቹ በሳቅ እርስ በርሳቸው ተደጋገፉ። እኔ ስሄድ እንደዚያ እንደምመስል አላውቅም ነበር። ለሦስት ዓመት ያላየሁትን ነገር በአንድ አፍታ አየሁ።

መጥቶ ፊቴ ቆመና አቀነቀነ።

«የፍየሉን ቆዳ ሲመዝን የኖረው፣
የአማቹን ቆዳ በባርኔጣ ሸጠው!»

ተቀባዮቹ ሦስት ጊዜ ደገሙት። የባርኔጣውን ነገር የምናውቀው ቴኔንቴው፣ ወታደሮቹና ይህ ደብተር ነበርን፤ ወታደሮቹ ደግሞ አማርኛ አያውቁም።

«ምን አለ?» አለ ቴኔንቴው።

«ባርኔጣው ያምርበታል ይላል።»

«እውነቱን ነው» ብሎ ሳቀ። የእኔን ባርኔጣ ግን አላወቀውም ነበር፤ ፎቶግራፍ ማንሻው ውስጥ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያየው።

ያ ሰው አልፎኝ ሲሄድ በቅሉ ቀዳዳ ውስጥ ዓይኑን አየሁት። ቀኝ እግሩን ትንሽ እንደሚጎትትም አየሁ። አውቄዋለሁ። አጠገቤ ሲደርስ በዝግታ «ኮትህ ብብቴን ጨመደደኝ» አለኝ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ጥርሴን ነከስሁ።

እየተንጎራደደ ሙሽራዋ ዘንድ ደረሰ። እንደ ጣሊያን ጨዋ ሰው አንድ እግሩን ወደ ኋላ ስቦ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ አወለቀላት።

ከምሥራቅ በኩል ያሉት ወታደሮች ሲጠብቁት የዋሉት ምልክት ታያቸው፤ ግራጫ ኮት፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ ተወለቀ። አሥራ ሁለት ሰው ሙሽራዋ ላይ ሰፈረባት። ባላምባራሱ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያለ ጮኸ፤ በአማርኛ ነው የጮኸው፤ ተርጓሚው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ተርጉም ያለኝ ግን አልነበረም። ቅሉ እራሱ ላይ ተሰበረ። ሁለት ጥርስና የሚስቱ ድሪ መሬት ላይ ተለቀመ። ቴኔንቴው ደርሶ እስኪያስጥለው ድረስ ቅል ለባሾቹ ወደ ሮቢ ወርደዋል። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ ቆሟል። ማንም አላየም።

ጥር ፪

ቴኔንቴው አስጠራኝ። ባላምባራሱ አፉን በጨርቅ አስሮ ጥግ ተቀምጧል። ሁለት ጥፊ በላሁ፤ አንዱ ስለ ባርኔጣው፣ ሁለተኛው ስለ ኮቱ።

«አንተን የመሰለው ማን ነው? ስሙን ንገረኝ። አለዚያ ሾላውን ታውቀዋለህ።»

በመስኮቱ ይታያል ሾላው። ስም አንድ ቃል ነው። ስምንት ዓመት ቆዳ መዝኛለሁ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ቃል፤ እንደዚህ የከበደኝ ግን የለም።

«ኮቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ባርኔጣው የእኔ ነው። መልኩም የእኔ ነው» አልሁት። «እንግዲህ አስፋው ነው እንጂ ሌላ ማንን ልጥራ?»

ቴኔንቴው ወደ ጠረጴዛው ተመለከተ። እዚያ ላይ የደብዳቤ ግልባጭ ነበር፤ ጭፈራው ባማረ ሁኔታ መከናወኑን፣ ሕዝቡ መደሰቱን ለአለቃው የጻፈው። ዋናው ከፎቶግራፎቹ ጋር በጧቱ የጭነት ካምዮን ሄዷል። እኔን ለመስቀል ደብዳቤውን መመለስ ሊኖርበት ነው። «ውጣ» አለኝ።

ደጅ ስወጣ ሽንቴ እንዳመለጠኝ አወቅሁ። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ጥር ፱

የመጋዘኑ የጥይት ሣጥኖች ዛሬ ተከፈቱ። ሰባቱ ውስጥ የተገኘው የማሽላ አገዳና የቅል ስብርባሪ ነው። በገና ዕለት የአብዱልሃዲ አራት በቅሎዎች ጨው ጭነው በድልድዩ ሲያልፉ ያየ ጠባቂ አልነበረም። ስለዚህ ማንም አላያቸውም።

ቴኔንቴው ይህንንም ለአለቃው አልጻፈም። «ርጥበት ያበላሸው ጥይት» ተብሎ እንዲመዘገብ አደረገ። ባላምባራሱን ወደ ደብረ ሲና ሰደደው። እኔን አላባረረኝም፤ ሌላ አስተርጓሚ የለውም።

አብዱልሃዲን በአጥሩ ላይ «ጨው እንዴት ዋለ?» አልሁት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ከባድ ጨው ነው» አለኝ።

ጥር ፲፩፣ ጥምቀት

እትዬ ዘነበች በታቦቱ አጀብ መሐል ክንዴን ያዙኝ።

«ቅል ለባሽን በስሙ ጠርተሃል አሉ።»

«የራሴን ስም ነው የጠራሁት፣ እትዬ።»

«ስም ስም ነው። ለከርሞ ትለብሳለህ። ቅልህን ከአሁኑ ተክዬልሃለሁ፤ አፉን ግን አቀናዋለሁ።»

አጠገባቸው የቆመችው የሺ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ከጾሙ መግቢያ ወዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ደስታዬን ምን ብዬ ልግለጸው፤ ዳግመኛ የተዳርሁ መሰለኝ።

ጥር ፲፭

ዛሬ ደብተሩን ከአጎዛው ሥር ሳወጣ ዶልዱሞ የነበረው እርሳሴ ተቀርጾ አገኘሁት። ሹል ሆኖ፣ እገጹ መካከል ተጋድሞ።

የሺ ፊደል አትለይም።

የፊታችን ሐሙስ ሦስት ካምዮን ከደብረ ሲና ይወርዳል። ሁለተኛው ነው ጥይት የጫነው። ጠባቂዎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ወባ አለበት። ዓይኔ አሁንም ስለሚደክም ፊደሉን ተለቅ አድርጌዋለሁ።